ከእጀታው ጀርባ

የፖሊሽ ማሽኑ እንደ ታፈነ ንብ ያጉረመርማል። ሬዲዮ የሚሏት ልጅ በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛው፣ የመኪናዋን አፍንጫ በስሱ ታስዳብሰዋለች። እጅ ከሰነፈ ማሽኑ ያመልጣል፤ አንድ ቦታ ላይ ከዘገየ ደግሞ ቀለሙን ያቃጥለዋል። የተቃጠለ ቀለም በምልጃ አይመለስም። ላብ ከግንባሯ ተነስቶ በአፍንጫዋ ጫፍ ላይ ተንጠለጠለ፤ ግን ማን እጁን አንስቶ ይጥረገው?

ሬዲዮ የወጣላት ስም ነው። ያወጣላት አጎቷ ነው፣ የመኪና ማጠቢያው ባለቤት፤ ከተከፈተች አትዘጋም ብሎ። ትምህርት ቤት «ቀለም አይገባሽም» ብለዋት ከወጣች ወዲህ እዚሁ ምንጣፍ ስታራግፍና ጎማ ስትፈትግ ከርማለች። ማሽኑን ሲሰጣት ዛሬ የመጀመሪያው ነው። «ካበላሸሽ ወደ ምንጣፍሽ ትመለሻለሽ፤ ለዘለዓለም» ብሏታል። ለዘለዓለም የምትለዋን ሲላት አልሳቀም።

መኪናዋ የመጣችው ትናንት ነው፣ በገመድ ተጎትታ። ሽንኩርት የሚያበቅል አቧራ ተጭኗታል፤ በመስታወቷ ላይ የድመት ኮቴ ተሰልፏል፤ የኋላ ወንበሯ የአይጥ ሰፈር ሆኗል። ሬዲዮ ገና ስታያት፣ «ምነው፣ ከመቃብር አውጥታችኋት ነው?» ብላ ተንከተከተች። ማንም አልሳቀም። ከበስተኋላዋ የቆሙት ሴትዮ ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው እቅፍ አደረጉ።

«ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ የነካት የለም» አሉ። «አሁን መንዳት ተምሬያለሁ። ነገ ራሴ ነድቼ እወስዳታለሁ።»

ያን ጊዜ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ዛሬ ታዲያ በምላሷ ያጠፋችውን በእጇ ልትክስ፣ ከማለዳ ጀምሮ አፏን ዘግታ ነው የዋለችው።

ልፋቷም ፍሬ አፍርቷል። አመድ የመሰለው ቆርቆሮ ከሥሩ ጥልቅ ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። ቀን ላይ፣ የጎማ ንፋስ መጭመቂያው ሞተር ጆሮ በሚያደነቁርበት ሰዓት፣ አጎቷ ከግቢው ወዲያ ጫፍ ስልኩን በአንድ ጆሮው ላይ ለጥፎ ጮኸላት።

«የሹፌሩ በር! ከእጀታው ጀርባ የተጫረችው ቦታ! ... ያት!»

እያት። እሺ፣ ታያታለች። ማሽን የማይገባበት ቦታ ስለሆነ ጨርቅ በጣቷ ጠቅልላ፣ በፖሊሽ ነክራ፣ ትንሿን መብራት አስጠግታ ጎንበስ አለች። ከእጀታው ጀርባ ያለው ጎድጓዳ ስፍራ በጭረት ተተርትሯል። አንገቷ እስኪደነዝዝ ፈተገችው። ጨርቅ ለወጠች፣ እንደገና ፈተገችው። በመጨረሻ እንደ ተላሰ ሳህን ጠራ። ቀለም አይገባሽም ያሏት መምህር መጥተው ይዩ፤ ቀለም ባይገባትም እሷ ራሷ ቀለም ውስጥ ገብታ ወጥታለች!

አጎቷ እየተንጎራደደ መጣ። መኪናዋን ዞራት። ቅንድቡ በአድናቆት ከፍ አለ፤ ከሹፌሩ በር ሲደርስ ግን ወደቀ። ጣቱን ከእጀታው ጀርባ አስገባ፤ አወጣ፤ ደግሞ አስገባ።

«የት አሉ?»

«ምኖቹ?»

«ጭረቶቹ ናቸዋ!»

«አጠራኋቸው» አለች በኩራት። «እያት አላልከኝም?»

ፊቱ ላይ አመድ ተነፋበት። «ተያት! ተያት ነው ያልኩሽ! ሴትዮዋ ደውለው፣ 'ሌላውን ሁሉ እንዳሻችሁ፤ ከእጀታው ጀርባ የተጫረችዋን ብቻ ተዉልኝ፤ የባለቤቴ ቀለበት የጫራት ናት' አሉኝ። ሰውዬው በሩን በከፈተ ቁጥር በቀለበቱ የጫረውን አንቺ...»

ቀሪውን አልሰማችውም። እያት፣ ተያት። አንዲት ፊደል ናት በመጭመቂያው ጩኸት የተዋጠችው። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም ይላሉ፤ የፈሰሰ ውኃስ ቢያንስ በስፖንጅ ይመጠጣል። ጨርቁን ዘርግታ አየችው። ሰማያዊ ጭቃ። የሰውዬው ዕድሜ እዚህ ውስጥ ተቦክቷል።

አጎቷ የግቢውን በር ገልመጥ አድርጎ ከወገቡ የቁልፍ ዘለላውን ፈታ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እንኪ። እዚያው ቦታ ጫር ጫር አድርጊውና አፍሽን ዝጊ። ጭረት ጭረት ነው።»

«ጋሼ፣ ያንተን ፊርማ እኔ ብፈርመው ባንክ ይቀበለኛል?»

«ባንኩ እየመጣ ነው፤ ቶሎ በይ!»

የቁልፉን ጫፍ ቀለሙ ላይ አሳረፈች። ሰውዬው ይህን ሲያደርግ ጭረት እየጫረ መሆኑን እንኳ አላወቀም፤ ለሥራ ቸኩሎ ይሆናል፣ ዝናብ እየመጣበት ይሆናል፣ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ይሆናል። ሳይታሰብ የተጫረን ነገር እንዴት አድርገው አስበው ይጭሩታል? ቁልፉን መልሳ በአጎቷ መዳፍ ላይ አኖረችው። እሱ ሊቆጣ አፉን ሲከፍት የግቢው በር ተንኳኳ።

ሴትዮዋ ዝቅ ያለ ጫማ አድርገዋል፤ ለመንዳት እንዲመቻቸው መሆን አለበት። መኪናዋን ሲያዩ ቆሙ።

«እንደገና ተወልዳለች» አሉ።

ያን ቀን ሬዲዮው አጎትየው ሆነ። ስለ ተቀባው ሰም፣ ስለ ወንበሩ፣ ስለ አይጦቹ ስደት ትንፋሽ ሳይወስድ ለፈለፈ። ሴትዮዋ እሱን የሚሰሙ አይመስሉም። በቀስታ ዞረው ወደ ሹፌሩ በር መጡ። ሴትዮዋ ወደ እጀታው አልተመለከቱም፤ ዓይናቸውን ከጣሪያው በላይ ሩቅ ላይ ተክለው፣ እጃቸውን ብቻ ሰደዱ። ጣቶቻቸው ከእጀታው ጀርባ ገቡ። ተንቀሳቀሱ። ፈለጉ። ቆሙ።

አጎቷ ቁልፉን ከጀርባው ደበቀ።

«አጠፋሁት» አለች ሬዲዮ።

ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው ቃሉ ሁለት መሆኑ የተሰማት፤ ፋቅሁት ማለትም ነው፣ በደልሁ ማለትም ነው። የትኛውን እንዳለች እሷም አላወቀችም።

«እትዬ፣ መጭመቂያው እየጮኸ እኮ...» ሲል አጎቷ ጀመረ። ሴትዮዋ በሌላ እጃቸው ዝም አሰኙት።

«አንቺ አይተሻቸዋል?»

«አዎ» አለች። «በመብራት ነው ያየኋቸው።»

«እኔ አይቻቸው አላውቅም።» ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፤ እሱ ነበር የባሰው። «ሁልጊዜ ከዚያኛው በር ነው የምገባው። ተቀምጬ ስጠብቀው፣ ቀለበቱ ኪርር ሲል፣ መጣ እላለሁ። ድምፁን ነው የማውቀው። በዚህ በር የምገባ ቀን እዳብሳቸዋለሁ ብዬ ነበር።» ጣታቸውን ከእጀታው ጀርባ አላወጡም። «ምን ይመስሉ ነበር?»

ዕድሜዋን ሙሉ ዝም በይ ሲሏት ኖረዋል። ተናገሪ ያላት አልነበረም። አሁን ደግሞ ቃል መምረጥ ነበረባት፤ ብትሳሳት ሴትዮዋ ሌላ የሚያመሳክሩት የላቸውም።

«ጎበጥ ጎበጥ ያሉ ናቸው» አለች ቀስ ብላ። «አዲስ ጨረቃ የመሰሉ። አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረቡ። ከላይ ጠለቅ ይላሉ፤ ከታች እየሳሱ ይሄዳሉ።»

«እሺ።»

«አንዷ ግን... ለብቻዋ ናት። ከሌሎቹ ፈንጠር ብላ፣ ቀጥ ያለች፣ ረጅም። እጁ ያዳለጠው ይመስላል። ወይ ደግሞ በጣም የቸኮለ ዕለት...» አቆመች። የማይሆን ነገር የተናገረች መሰላት።

የሴትዮዋ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። የትኛው ዕለት እንደሆነ ሊናገሩ ይሆናል፤ ግን አልተናገሩም።

«በየት በኩል?» አሉ ብቻ።

ሬዲዮ በፖሊሽ የተለወሰ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ አልጠራላትም። እንደዚያው እንዳለ ከእጀታው ጀርባ አስገብታ የሴትዮዋን ጣት ያዘች። ቀዝቃዛ ነበር። ልሙጡ ቀለም ላይ አሳረፈችውና ቀስ ብላ ወደ ላይ ሳበችው።

«እዚህ ጋ ትጀምራለች» አለች።