የበቃሉ ጥሩነህ ፊርማ

1.

የጎደለው አንድ ፊርማ ነው።

ህሊና ወረቀቱን ካፌው ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ በእስክሪብቶዋ ጫፍ ነካ ነካ አደረገችው። ዘፋኟ ፈርማለች። ኦርጋን ተጫዋቹ አሰግድም ይኸው አሁን ፈረመ። ድራመሩ ብቻ ቀረ። ድራመሩ ከፈረመ፣ በ1979 ዓ.ም. በካሴት የወጣው «ሊፍት» ከሠላሳ ሰባት ዓመት በኋላ በሸክላ ታትሞ ይወጣል። ካልፈረመ አይወጣም። ሸክላውን የሚያሳትሙት ፈረንጆች ጠበቃ አላቸው፤ ጠበቃቸው ደግሞ ቀልድ አያውቅም።

«ጋሽ አሰግድ፣ እባክዎ በቃሉ ጥሩነህን ያግኙልኝ» አለች ህሊና። «በሕይወት ካለ።»

አሰግድ ሻዩን አማሰለ። ስኳር ግን አልጨመረበትም ነበር።

በቃሉ በሕይወት አለ ማለት ይከብዳል። ሞቷል ማለትም እንደዚያው። በአሁኑ ሰዓት በቃሉ ያለው አሰግድ አልጋ ሥር በላስቲክ ተጠቅልሎ ነው። የጫማ ካርቶን ያክላል። አሥራ ስድስት ቁልፍ አለው።

2.

የሳንሱር ቢሮ ቅጽ፣ 1979 ዓ.ም.

ዘፋኝ፦ ፀዳለ መንገሻ
ኦርጋን፦ አሰግድ ደምሰው
ድራም፦

አሰግድ እዚህ መስመር ላይ ሲደርስ ብዕሩ ቆመ። ድራሙን የሚመታው ማሽን ነው። ማሽኑን ያመጣለት የአሰብ መርከበኛ ሲሆን ቀረጥ የሚባል ነገር በዓይኑ አይቶ አያውቅም። «ማሽን» ብሎ ቢጽፍ ጉምሩክ ይጠራል። ባዶ ሊተወው አሰበና ቅጹን ገፋ ሲያደርግ፣ ጸሐፊው ቀና ሳይል ባዶ ቦታ አይፈቀድም አለው።

ስለዚህ «በቃሉ ጥሩነህ» ብሎ ጻፈ። በቃሉ፣ ልጅ ሆኖ ኳሱን ቀምቶት የቀረ የሰፈር ልጅ ስም ነው። ጥሩነህ ከየት እንደመጣ እስከ ዛሬ አያውቀውም። የቤት ቁጥር ሲጠየቅ የራሱን ሰጠ። እንዲህ ሆኖ በቃሉ በአሰግድ ቤት ደባል ሆነ።

ጸሐፊው የዘፈኑን ግጥም አገላብጦ፣ ይቺ ሴትዮ በሊፍት የምትወጣው ወዴት ነው ብሎ ጠየቀ። አሰግድ ወደ ሶሻሊዝም ነው አለው። ጸሐፊው ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደሆነ ጠየቀ። የቀለደ አይመስልም።

3.

ሊፍት ለምን ሊፍት ተባለ? ሊፍት ስላልነበረ።

የሚቀዱት ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ከአንድ ካሴት ቤት በላይ፣ ግድግዳው በእንቁላል መደርደሪያ ካርቶን በተለበጠ ክፍል ውስጥ ነው። መወጣጫው የእንጨት ደረጃ ነው። ፀዳለ የመጀመሪያ ቀን እያለከለከች ወጥታ፣ እዚህ ቤት ሊፍት ቢኖር ኖሮ ድምፄን ለዘፈኑ አተርፈው ነበር አለች። አሰግድ ግን ይህን በግማሽ ጆሮው ነው የሰማው። ሌላው ጆሮው ደረጃው ላይ ቀርቷል። የአንድ ጫማዋ ታኮ ተሰብሮ ነበር። ቀጭ፣ ድፍ። ቀጭ፣ ድፍ። እስከ ላይ ድረስ።

የማሽኑ ዙር አሥራ ስድስት ምት ነው። አሰግድ አሥራ አምስት ላይ ቆረጠው።

ደረጃው አሥራ አምስት ነዋ።

ይህን ለማንም አልተናገረም። ፀዳለ ባል ነበራት።

4.

«ሊፍት»ን እንዴት መጨፈር ይቻላል?

ቀኝ እግርህን አስቀድም። እስከ አሥራ አምስት ቁጠር። አሥራ ስድስት ላይ እግርህ መሬት ይፈልጋል፤ መሬቱ የለም። አትደንግጥ። ሁሉም ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሰናከለው። ያኔ ሠርግ ላይ ሚዜ ወድቋል፣ የሙሽራ አጎት ኬክ ላይ ተቀምጧል። የዛሬ ልጆች ይህን መንገዳገድ «የበቃሉ እርምጃ» ብለውታል።

የአሰግድ እርምጃ ያለ የለም።

5.

ከቀበሌ ቃለ ጉባኤ፣

«ጓድ በቃሉ ጥሩነህ በሦስት ተከታታይ ስብሰባዎች አልተገኙም። ሆኖም ተናግረው ስብሰባ አላስረዘሙም፣ አልተነጫነጩም፣ ስኳር ለመውሰድም አልተሰለፉም። ስለዚህ በአርአያነታቸው የምስክር ወረቀት እንዲሰጣቸው በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።»

ወረቀቱን አሰግድ ተቀበለለት። አጨበጨቡለትም፤ ለበቃሉ።

ከወር በኋላ ያው ቀበሌ ያንኑ በቃሉን ለብሔራዊ ውትድርና መለመለው። በመካከሉ ምን ተፈጠረ? ካሴቱ ወጣ። ሦስተኛው ዘፈን ስለ አንድ ስሙ ስላልተጠራ ሰው ነው፤ ከሰው ሁሉ አብልጦ ስለሚፈለግ ሰው። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ወንድይራድ ሚስቱን ይህ ለማን ነው የተዘፈነው አላት። ሚስቱ ፀዳለ ናት። ለበቃሉ ነው አለችው።

ወንድይራድ ራሱ መጥቶ የአሰግድን ቤት ፈተሸ። ኮሜዲኖ ከፈተ፣ መጋረጃ ገለጠ። አልጋ ሥር ጎንበስ ብሎ ተመለከተ፤ ያለው ካርቶን ነው። ያ ደባልህ የት ሄደ አለው። አሰግድም በሕይወቱ ከተናገራቸው ጥቂት እውነቶች አንዱን ነገረው፤ የመጣው ከአሰብ ነው አለው። ወንድይራድ አሰብ ድረስ ደብዳቤ ጻፈ።

6.

(ይህ ቁጥር ለበቃሉ የተያዘ ነው። ይምታበት።)




7.

ስለ በቃሉ ጥሩነህ የሚባለው፦

አንድ እግሩን ያነክሳል፤ ምቱም የሚያነክሰው ለዚህ ነው።
ግራኝ ነው።
በአንድ ጊዜ በሁለት እጁ ሁለት የተለያየ ዘፈን ይመታል።
መነኩሴ ሆኗል።
አሰብ ወደብ ላይ ክሬን ይነዳል፤ ክሬኑም በአሥራ አምስት ነው የሚሄደው።

ህሊና ፎቶው ያለበት ቲሸርት ነበራት። ፎቶ ስለሌለው ባዶ የፊት ቅርጽ ታትሞ ከሥሩ «በቃሉ፣ የት ነህ?» ይላል። ከሠላሳ በታች ሆና ይህን ሁሉ ዓመት ስትፈልገው የኖረች ናት። አሰግድን ያገኘችውም በእሱ ጦስ ነው። የመጀመሪያ ቀን ስልክ ደውላ፣ «የበቃሉ ኦርጋን ተጫዋች እርስዎ ነዎት?» ብላ ጠየቀችው።

አሰግድ አዎ አላት።

8.

ሰው በሳጥን ይቀናል?

ይቀናል። ያውም ስድስት ሳምንት ሙሉ ጣቱ እስኪደነዝዝ እያንዳንዷን ምት ራሱ ያስገባበት ሳጥን ሲሆን። ባለፈው ዓመት፣ ወንድይራድ ከሞተ ከረጅም ጊዜ በኋላ ማለት ነው፣ ፀዳለ በሬዲዮ ቀርባ ስለ ሦስተኛው ዘፈን ተጠየቀች። «ለበቃሉ ነው፤ ራሱ ያውቃል» አለች። አሰግድ ሬዲዮኑን አጠፋ። ተንበርክኮ አልጋ ሥር ተመለከተ።

«ታውቃለህ?» አለው።

9.

ስለዚህ አሰግድ ቆረጠ። ቅዳሜ ከሰዓት ፀዳለ ቤት ህሊና ባለችበት ሳጥኑን አውጥቶ ሶኬት ላይ ሰክቶ ያስጮኸዋል። ፈረንጆቹም ያውቃሉ፣ ጠበቃውም ያውቃል፣ ሸክላው ጀርባ ላይ በሞተ ስም ፈንታ የሱ ስም ይጻፋል። በዘንቢል ይዞት ሄደ።

ህሊና መኪናዋ የጎረቤት በር ዘግታ ኖሮ ጥሩምባ ሲበዛባት፣ ጨዋታቸውን የሚቀዳውን ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ትታ ወጣች። ፀዳለ ስልኩን አጠፋችው። ቀጥሎ ያለው እንግዲህ አልተቀዳም።

ፀዳለ፦ ዘንቢሉ ውስጥ ያለው እሱ ነው?

አሰግድ፦ እሱ ነው።

ፀዳለ፦ ከሳ።

አሰግድ፦ ድሮም ቀጭን ነበር። ዛሬ ላወጣው ነው ፀዲ። የእጄን ሥራ ለሱ ሲያጨበጭቡለት ሰለቸኝ።

ፀዳለ፦ አውጣው። እኔስ? ሳጥን አፍቅራ በሬዲዮ የተናገረች አሮጊት ልባል?

አሰግድ፦ ማን አፍቅሪው አለሽ?

ፀዳለ፦ ወንድይራድ ለማን ነው ሲለኝ የማንን ስም ልስጠው? ያንተን? አንተን ለመያዝ እኮ እስኪመሽም አይቆይም፣ ቤትህን ያውቀዋል። የሌለ ሰው ስም ሰጠሁት። የሌለ ሰው አይታሰርም።

አሰግድ፦ ሰውዬው ከሞተ በኋላስ?

ፀዳለ፦ ከሞተ በኋላ አንተ መጣህ?

አሰግድ፦ (ዘንቢሉን ወደ ራሱ ይስባል።)

ፀዳለ፦ አልመጣህም። በቃሉን ተውክልኝ፤ እኔም ለመድኩት።

አሰግድ፦ ፀዲ፣ ያ ምት እኮ... ደረጃው...

ፀዳለ፦ አሥራ አምስት ነው። እኔም እቆጥር ነበር። ማሽኑን መጀመሪያ ያስደመጥከኝ ቀን ጫማዬን አወቅሁት። ታኮዬ የተሰበረው በመጀመሪያው ቀን ነው አሴ። ስድስት ሳምንት ሳላስጠግነው የቀረሁት ተክለ ሃይማኖት ጫማ ሰፊ ጠፍቶ መሰለህ?

10.

በሩ ተንኳኳ።

11.

ህሊና እያለከለከች ገባች። ስለ ጎረቤቱ ጥሩምባ አጉረመረመች፣ ስልኳ መዘጋቱን አየች። ሁለቱ ሽማግሎች ትምህርት ቤት ሲረብሹ የተያዙ ይመስላሉ። ወረቀቱን አውጥታ አሰግድ ፊት አስቀመጠች።

«እሺ ጋሽ አሰግድ። በቃሉን አገኙት?»

አሰግድ ዘንቢሉን አየ። ሳጥኑን ካወጣው ከበሮው የማሽን ይሆናል፣ ፀዳለም መሳቂያ። በቃሉ አልተገኘም ካለ ሸክላው አይታተምም። የራሱን ስም ከጻፈ ግን የሚወስደው ከበሮውን ብቻ አይደለም፤ ሦስተኛውን ዘፈን ጭምር ነው፤ በስድሳ ስድስት ዓመቱ፣ ሰው ፊት። ፀዳለ አላየችውም። መስኮት መስኮቱን እያየች በግራ እግሯ ወለሉን ትመታለች። አሥራ ሦስት። አሥራ አራት።

እስክሪብቶውን አነሳ።

የሳንሱር ቢሮው ጸሐፊ ባዶ ቦታ አይፈቀድም ብሎ ነበር። እሱ አሁን የለም።

የድራም ተጫዋች ሙሉ ስም፦ ______________________


ፊርማ፦