ከልጥፉ ሥር የወጣችው ንብ

የሜህሳና ከተማዋ ቫሱማቲ ከቆራሌው የገዛችውን አፈ ሰፊ ጠርሙስ ውስጡን በፈላ ውኃ አጥባ፣ ፀሐይ ላይ አድርቃ፣ በዘይትና በቅመም የዘፈዘፈችውን የማንጎ አቻር እስከ አንገቱ ሞላችው። የውጩን ልጥፍ መላጥ ለኋላ አቆየችው። አቻሩ ሌላ ከተማ፣ ፓታን ለምትኖረው ለባሏ ታላቅ እህት ለሊላቫቲ የሚላክ ነበር። ሁለቱ ሠርግ ቤት በተነገረ አንድ ክፉ ቃል ለዓመታት ተኳርፈው፣ የታረቁት አምና ቫሱማቲ በላከችው አቻር ነበር፤ ዕርቁ ገና አልጠናም። ዕቃውን የሚያደርሰው አውቶቡስ ከቀትር በፊት ይነሣል።

ወረቀቱ በውኃ ተላጠ፤ ሙጫው ግን አልለቅ አለ። በአመድ ፈተገችው፣ በቢላ ጀርባ ፋቀችው፤ እየተድቦለቦለ ጣቷ ላይ ተለጠፈ። ምራቷ ክሩፓ ብቅ አለች።

«እማዬ፣ ጠርሙሱን እያጸዱት ነው ወይስ እየቀጡት?»

«ቆመሽ ከምታላግጪ የመጋገሪያ ሶዳ በዘይት ለውሰሽ አምጪልኝ።»

ዘይቱ ሙጫውን አለሰለሰው። በጨርቅ ስትጠርገው ግን ከሥሩ ሌላ ልጥፍ ወጣ፤ በላዩ ንብና የማር እንጀራ ተሥሎበታል። የፊተኛው ባለቤት በአሮጌው ላይ አዲስ ደርቦበት ኖሯል።

የቫሱማቲ እጅ ቀጥ አለ። ነፍስ ያለውን ሁሉ መጉዳት ሃይማኖታችን በሚከለክለን በእኛ በጃይኖች ዘንድ፣ ያውም ሕጉን አጥብቃ ፀሐይ ከጠለቀች ውኃ እንኳ በማትቀምሰው በሊላቫቲ ቤት፣ ማር ከሥጋ አይለይም፤ ከሕያው ፍጥረት የተነጠቀ ነውና፤ የያዘውም ዕቃ ይረክሳል።

«ታጥቧል እኮ» አለች ክሩፓ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ይቺንም ፍቀው ይላኩት። ማን ያያል?»

ቫሱማቲ ፋቀችው። ጠርሙሱ ጠራ፤ ከመጥራቱም የተነሣ ነውሩ ባሰባት። አነሣችው፣ አስቀመጠችው፣ እስከ ደጅ ሄዳ ተመለሰች። የአውቶቡሱ ጡሩንባ ሲሰማ ስልክ አንሥታ ለሊላቫቲ ሁሉንም ነገረቻት።

ሊላቫቲ የዛሬውን ትታ ያምናውን አነሣች።

«ያምናውንስ በምን ነበር የላክሽው?»

«ከዚያው ቆራሌ በገዛሁት ነው፣ እትዬ። ከሥሩ ምን እንደነበረ አላየሁም።»

«ስድስት ወር በልቼዋለሁ።»

«ዛሬ ዝም ልል ነበር...»

«ዝም ብትይማ ይሄንንም እበላው ነበር።» አለች ሊላቫቲ። «ነገ የራሴን የሸክላ ማሰሮ ይዤ እመጣለሁ። ማንጎውን አንቺ ግዢ፤ አዲስ እንዘፈዝፋለን። ጠርሙስ ግን እንዳትነኪ።»

ስልኩ ተዘጋ። ይቅርታ ይሁን ቍጣ፣ ቫሱማቲ አልለየላትም። ጓዳ ገብታ በመደርደሪያው ላይ ያሉትን ጠርሙሶች አንድ በአንድ አወረደችና፣ በየጎናቸው የቀረውን ሙጫ በጥፍሯ ትፍቅ ጀመር።