ቆጥ ላይ የደረቀው አበባ

«ባዶ!» አለ ያረጋል፣ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ። «ንጹሕ ውኃ! ድሮስ የመስቃን ሰው ከበርበሬ ሌላ ምን ያውቃል?»

ዘይባ ብርጭቆ እያጠበች ሰማችው። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። አራተኛ ክፍል ስትጨርስ ትምህርቱን ትታ በቡታጅራ ጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ዕቃ አጣቢ ሆነች። ላብራቶሪ ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከመርፌ ክፍሉ ጀርባ ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ፕሪመስ፣ የጃንሆይ ፎቶግራፍና ያረጋል አሉባት። ከሁሉም ቦታ የሚይዘው ያረጋል ነው። ነጭ ጋዋኑ ኪስ ላይ ሦስት እስክሪብቶ ይሰካል፤ ሁለቱ አይጽፉም።

ባዶ ያለው የዘይባን እናት የከድጄን አበባ ነው። ካሞሚል ይሉታል። ለሆድ ቁርጠት የሚሆን መድኃኒት ይወጣዋል ተብሎ ዘሩ በሰኔ ከአዲስ አበባ መጣ። ምርመራው ቀላል ነው። አበባውን ከውኃ ጋር ያፈሉታል፤ እንፋሎቱ በቀዝቃዛ ቱቦ አልፎ ብልቃጥ ውስጥ ይንጠባጠባል። መድኃኒቱ ካለ ሰማያዊ ዘይት ከላይ ይንሳፈፋል፤ ከሌለ አይንሳፈፍም። በቃ። ያረጋል ሲያወራው ግን ጨረቃ ላይ ወጥቶ የተመለሰ ይመስላል።

ከድጄ ባሏ ከሞተ ወዲህ የምታርሰው መሬት በባሏ ወንድም በአሚኑ እጅ ነው። አሚኑ ለአንድ ምርት ፈቀደላት። «አበባሽ ከረባ እረሺው፤ ካልረባ መሬቴን እወስዳለሁ» ብሏታል።

«ጋሼ ያረጋል፣ እንደገና ቢሞክሩትስ?» አለች ዘይባ።

«አንቺ ኬሚስት ነሽ?»

«አይ፣ አጣቢ ነኝ።»

«እንግዲያው እጠቢ! ከሰዓት ዘሩን የላኩት ወይዘሪት እሌኒ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። የመስቃን መሬት ለካሞሚል አይሆንም ብዬ እፈርማለሁ፣ አለቀ።»

ጋዋኑን ሰቅሎ ምሳውን ሊበላ ወጣ።

ዘይባ ጠረጴዛውን ልትወለውል የሻይ ማንቆርቆሪያውን ስታነሣ ከሥሩ ወረቀት አገኘች። ከዘሩ ጋር የመጣው መመሪያ ነው። እንግሊዝኛው ገጽ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ያረጋል «እኔ የማነበው በእንግሊዝኛ ነው» እያለ በአማርኛው ላይ ማንቆርቆሪያ ያስቀምጥበታል። በእንግሊዝኛ ሲያነብ ግን ሰው አይቶት አያውቅም። ወረቀቱ በሻይ ርሶ ርሶ ቡናማ ሆኗል። ሰባተኛው መስመር ግን ይነበባል፤ «አበባው በጥላ ሥር ይድረቅ። ፀሐይ ካገኘው ዘይቱ ይጠፋል።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። በጥቅምት ያረጋል ገበሬዎቹን ሰብስቦ፣ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ምን ነበር ያላቸው? «እንደ በርበሬያችሁ አድርቁት! እስኪንኮሻኮሽ!» ከድጄም የታዘዘችውን አደረገች። ለመስቃን ሴት በርበሬ ማድረቅ ማን ያስተምራታል? ሰሌን ላይ አስጥታ አሥር ቀን ፀሐይ ላይ አገላበጠችው። ተንኮሻኮሸ።

ዘይባ እየሮጠች ወጣች። እናቷ ከግቢው ዛፍ ሥር ጆንያዋን ተደግፋ ተቀምጣለች።

«እማ፣ አበባውን ሁሉ ፀሐይ ላይ ነው ያሰጣሽው?»

«ሁሉንም። ኧረ ቆይ፣ የመጨረሻውን ለቀማ ቆጥ ላይ ነው የበተንኩት። ሰሌኑን በርበሬ ይዞብኝ። ይኸው እዚህ ቋጥሬዋለሁ፤ ጨለማ ውስጥ ስለደረቀ አፍሬበት አላሳየሁትም።»

«እሱን ስጪኝ።»

«አሚኑ ጠዋት መሬቱን በእርምጃ ሲለካ ነበር። ወላሂ ዘይባ፣ ዛሬ ካልሆነልኝ...»

«እማ፣ ስጪኝ አልኩሽ!»

ያረጋል ምሳ ለመብላት ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ሆዱ ለሰው ሲጠቅም ይህ የመጀመሪያው ነው። ዘይባ አበባውን ከውኃ ጋር ቀላቀለች፣ ፕሪመሱን ለኮሰች፣ በቱቦው ዙሪያ ቀዝቃዛ ውኃ ለቀቀች። እሱ ሲያደርገው ስንቴ አይታለች፤ ልዩነቱ እሷ ስታደርገው ንግግር የለውም። መጀመሪያ የወረደው ውኃ ብቻ ነበር። ጎንበስ ብላ ጠበቀች። ከዚያ አንዲት ጠብታ ውኃው ላይ ተዘርግታ ቀረች፤ ሰማያዊ! ልክ የተማሪ ቀለም። ሁለተኛ መጣች፣ ሦስተኛ።

ያረጋልና ወይዘሪት እሌኒ ተከታትለው ገቡ። ከላንድሮቨር የወረደችው እሌኒ አቧራዋን እንኳ ሳታራግፍ ወደ ብልቃጡ ጎንበስ አለች።

«ግሩም ነው አቶ ያረጋል! እንዲህ ያለ ሰማያዊ ካየሁ ቆይቻለሁ። የማን አበባ ነው?»

ያረጋል ብልቃጡን አየ፤ ዘይባን አየ። ለመደንገጥ ጊዜ አላባከነም።

«የራሴ ነው፣ ወይዘሪት። እዚሁ ጓሮ የዘራሁት ነው። የመስቃኖቹ ግን ባዶ ሆነ፤ ዘሩን ከእነሱ ወስደን ለእኔ ቢተዉልኝ ይሻላል።»

የያረጋል የጓሮ ካሞሚል ውኃ የሚያጠጣው አጥቶ ገና ሳያብብ ደርቋል። የቀረውን ፍየል ሞከረችው፤ እሷም ተወችው።

እሌኒ ማስታወሻዋን ልታወጣ ቦርሳዋን ስትከፍት ያረጋል ወደ ዘይባ ጠጋ ብሎ አንሾካሾከ። «የጠዋቱን ብልቃጥ ቶሎ እጠቢው። አፍሽን ከያዝሽ ረዳቴ አደርግሻለሁ፤ ጋዋንም አሰፋልሻለሁ።»

ዘይባ ጋዋን ለብሳ ከጎኑ ስትቆም ታያት። ደህና ያምርባታል። እሱ «ባዶ» ሲል «አዎ ጋሼ፣ ባዶ» ስትልም ታያት፤ ያ አላማረባትም።

የጠዋቱን ብልቃጥ አነሣች። ወደ ቧንቧው አልሄደችም። ከሰማያዊው አጠገብ፣ እሌኒ ፊት አኖረችው። ሻይ የጠጣውን ወረቀትም ዘርግታ ሰባተኛው መስመር ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ሁለቱም ከአንድ መሬት የተለቀሙ ናቸው፣ እትዬ። ይሄኛው ጋሼ እንዳዘዙት ፀሐይ ላይ ደረቀ፤ ያኛው ቆጥ ላይ።»

እሌኒ ወረቀቱን ማንበብ ጀመረች።

«እጠቢው አላልኩሽም?» አለ ያረጋል፣ ድምፁ ቀጥኖ።

«ካሻዎት እርስዎ ያለቅልቁት፣ ጋሼ» አለች ዘይባ። በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ወደ ዛፉ ተጣራች። «እማ! ነይ ግቢ! አበባው የማን እንደሆነ ይጠይቁሻል!»