መጥረጊያ የጠረገችው ሰማይ

እኔ መጠበቅ አልወድም። ሻይ እስኪበርድ መታገሥ አቅቶኝ ምላሴን የማቃጥል ሰው ነኝ። እንዲህ ያለችው ልጅ ትዕግሥት የሚጠይቅ የኮምፒውተር ጨዋታ ሠራች ቢሏችሁ ታምናላችሁ? ሠራሁ። ያውም ከአክስቴ ልጅ ጋር።

የአክስቴን ልጅ ትምህርት ቤቱ በሙሉ "መጥረጊያ" ነው የሚላት። አቧራ ካየች እንቅልፍ የላትም። ኮምፒውተር ክፍል ስትገባ መጀመሪያ ጨርቅ፣ ሰላምታው ኋላ ይደርሳል። ሥዕል ላይ ግን እጇ ይባረክ። ስለዚህ ኮዱ የእኔ፣ ምስሉ የእሷ ሆነ።

ጨዋታው የጠፈር ቴሌስኮፕ ስላገኛቸው ነገሮች ነው። ሐሳቡን ያመጣው የፊዚክስ መምህራችን ነው። አንድ ቀን ክንዱን ዘረጋና "ጣቴ ጫፍ ላይ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት አለች በሉ" አለን። "ቅንጣቷ የምትሸፍናትን የምታህል፣ ባዶ የምትመስል ጥቁር ሰማይ ሳይንቲስቶች መረጡና ቴሌስኮፑን ለቀናት አፈጠጡባት።"

"ከዚያስ?" አልኩት።

"ከዚያማ አንቺ ሠርተሽ አሳዪኛ!" ብሎ ቴሌስኮፑ ያነሣውን ምስል በፍላሽ ሰጠን።

አጨዋወቱ ቀላል ነው። ቴሌስኮፑን ወደ ጨለማው ታዞራለህ፣ ማውሱን ሳታነቃንቅ ትጠብቃለህ። በቆየህ ቁጥር ብርሃን ይጠራቀማል። ከነካካህ ሁሉም ይጠፋና እንደገና ሀ ብለህ ትጀምራለህ።

ችግሩ ዳይሬክተሩ ናቸው። የኮምፒውተር ክፍላችንን የአሮጌ ወንበር ማከማቻ ሊያደርጉት አስበዋል። "ሐሙስ ከሰዓት መጥቼ አያለሁ። ቁም ነገር ካልሠራችሁ ቁልፉ ለንብረት ክፍል ይሰጣል" አሉን። ለሌላው ሰው አንድ ክፍል ነው። እኔ ግን ቤቴ ኮምፒውተር የለም፤ ያ በር ከተዘጋ በቃ፣ አለቀልኝ።

ሐሙስ ጠዋት ለመጨረሻ ጊዜ ልሞክረው ቁጭ አልኩ። ቴሌስኮፑን አዞርኩ። ጠበቅኩ። ጨለማ። አሁንም ጠበቅኩ። ድቅድቅ ጨለማ! ደሜ ፈላ። ኮዱን ከላይ እስከ ታች አበጠርኩት፤ እንከን የለውም። መምህራችን ከኋላዬ ቆሞ "ቀስ በይ" ሲለኝ ጭራሽ ባሰብኝ። በመጨረሻ ምስሉን ራሱን ከፈትኩት። ጥርግ ብሏል፤ ጥቁር ብቻ።

"አንቺ! ምስሉን ምን አደረግሽው?"

"አጸዳሁት!" አለች መጥረጊያ በኩራት። "ፋይሉ ከባድ ነው፣ አቅልዪው አላልሽኝም? አቧራው ደግሞ ጉድ ነው! ነጠብጣቡን አንድ በአንድ ለቀምኩት። ዓይኔ ሊጠፋ ነበር እኮ።"

መምህራችን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "አቧራ?"

"አቧራ ነዋ፣ ቲቸር።"

ጮህኩባት። ምን እንዳላልኳት! ክፍሉን አዘጋሽው፣ ጉድ ሠራሽኝ፣ ያንቺ ጽዳት ገደል ይግባ አልኳት። እንባዋ ወረደ። መምህራችን ግን አልተቆጣም። ፍላሹን ሰካና ያልተነካውን ምስል ከፈተ።

"ነይ፤ ከጠረግሻቸው ሁሉ ትንሿን አሳዪኝ" አላት።

ጥግ ላይ ያለች፣ ለዓይን የማትሞላ ነጥብ በጣቷ ጠቆመች። መምህራችን ምስሉን አጎላው። ነጥቧ ሰፋች። አሁንም አጎላው። ነጥቧ መሐሏ የሚያበራ፣ ዙሪያዋን የተጠማዘዙ ክንዶች ያሏት ሆና ወጣች።

"ይቺ ጋላክሲ ናት። በቢሊዮን የሚቆጠሩ ኮከቦች አሉባት። ይሄ የምታዩት ብርሃን ከእሷ ሲነሣ እዚህ ምድር ላይ ሰው የሚባል አልነበረም።"

"ሌሎቹስ?" አልኩ።

"ሌሎቹም።"

መጥረጊያ አፏን በእጇ ያዘች። "ወይኔ! ስንቱን ነው የጠረግኩት!"

ቁጣዬ የት እንደገባ እንጃ። ክንዴን ውርር አደረገኝ። ፈራሁ ልበል፣ ደስ አለኝ ልበል? ሁለቱም ነው። ያ ሁሉ ዓለም ከአንዲት አሸዋ ጀርባ! የአክስቴን ልጅ አንገቷን አቀፍኳት። እሷም እንባዋን ጠርጋ ሳትጨርስ ምስሉን ወደ ቦታው መለሰችው።

ከሰዓት ዳይሬክተሩ መጡ። የንብረት ክፍሉ ሰውዬም ውሳኔውን አስቀድሞ ያወቀ ይመስል አንድ አሮጌ ወንበር ተሸክሞ ከኋላ ተከተላቸው። ዳይሬክተሩ ቁጭ አሉ፤ ቴሌስኮፑን አዞሩ።

"ባዶ ነው እኮ።"

"ይጠብቁ" አልኳቸው። እኔ! "ይጠብቁ" ስል መጥረጊያ ሳቋን ዋጠች።

አንዲት ነጥብ ብቅ አለች። ዳይሬክተሩ ቀኝ እጃቸውን ከማውሱ ሳያነሡ በግራቸው ከኪሳቸው መሐረብ አወጡና ስክሪኑን ጠረግ አደረጉት። ነጥቧ አልሄደችም። ደግመው ፈተጉት። ሌላ ነጥብ ተጨመረ።

"አቧራ አይደለም፣ ዳይሬክተር" አለች የአክስቴ ልጅ። "እኔም ተሸውጄ ነበር። እያንዳንዷ ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ኮከቦች አሉ።"

"እያንዳንዷ?"

"እያንዳንዷ።"

መሐረቡ አየር ላይ ቀረ። ነጥቦቹ ሦስት፣ ሰባት፣ ከዚያ የማይቆጠሩ ሆኑ። ጥቁር የነበረው ስክሪን ሞላ። ደወል ተደወለ፤ ዳይሬክተሩ አልተነሡም። ማውሱ ላይ ያለው እጃቸው ንቅንቅ አላለም፤ የሚተነፍሱም አይመስሉም።

የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ። "ጌታዬ፣ ወንበሮቹን ላስገባቸው?"

"እሽሽ! እንዳታነቃንቀኝ" አሉት ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ። "ያቺን የያዝካትን አስቀምጥና ቁጭ በልባት። አንተም እይ።"

ሰውዬው ወንበሯን ከጎናቸው አስጠግቶ ተቀመጠ።