በየገበያው የሚወደደው መጋዝ

ጓንጉል መጋዙን እሸጣለሁ ካለ ዓመት አልፎት ነበር። ገዢ ጠፍቶ አይደለም። የጎብዬው አናጢ ከበደ መጀመሪያ መጥቶ ዘጠኝ መቶ ብር ሲሰጠው ጓንጉል «አንድ ሺህ ሁለት መቶ» አለው። ከበደ ሄደ፤ ከዘመድ ተበድሮ በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሺህ ሁለት መቶውን ይዞ ተመለሰ። ጓንጉልም «አሁን አንድ ሺህ አምስት መቶ ሆኗል» አለ። ከበደ ብሩን መልሶ ኪሱ ከተተና፣

«አያ ጓንጉል፣ ይኼ መጋዝ ነው ወይስ የክረምት ጤፍ? በየገበያው የሚወደደው ምን ቢሆን ነው?» ብሎ ወጣ። ቀልዱ በቆቦ ገበያ ሰነበተ።

መጋዙ ለስሙ የሚበቃ ነበር። ጓንጉል የገዛው በንጉሡ ጊዜ፣ ኮምቦልቻ ላይ የእንጨት ሥራ ቤቱን ዘግቶ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ጣሊያን ነው። አራት ሰው የማያነሳው የብረት ጠረጴዛ፣ ከመሐሉ ብቅ ያለ ትሪ የሚያህል ክብ መጋዝ፣ ከጎኑ ደግሞ ችንጋ በሚሉት የጎማ ቀበቶ የሚያዞረው የናፍጣ ሞተር። ዐሥራ አምስት ዓመት ሙሉ የቆቦ በርና መስኮት፣ አብዮቱ ከመጣ ወዲህም የቀበሌው አግዳሚ ወንበር ሁሉ በዚያ ጥርስ ሥር አልፏል።

ሚስቱ ማንያህልሻል ሽጠው እያለች የምትለምነው በሌላ ምክንያት ነው። የጓንጉል ዓይን እየጠፋ ነበር።

እሱ ለማንም አልተናገረም። እሷም ያወቀችው ከሁለት ዓመት በፊት በመሠረተ ትምህርት ክፍል ውስጥ ነው። ቀበሌው ባልና ሚስቱን አንድ ላይ መዝግቧቸው፣ እሷ በአንደኛው ዙር አልፋ የምስክር ወረቀቷን ስትቀበል፣ የበር ልክ በቃሉ የሚያሰላው ጓንጉል ከ«ሀ» ሳያልፍ ቀረ። አስተማሪው ፊደሉን ጥራ ሲለው «ጭንቅላቴ ደረቅ ነው እኮ፣ ወይራ ነው» እያለ ክፍሉን ያስቃል። አጠገቡ የተቀመጠችው ማንያህልሻል ግን አልሳቀችም። ፊቱ የዞረው ወደ ሰሌዳው ሳይሆን ወደ ባዶው ግድግዳ ነበር።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሞተሩ በተነሳ ቁጥር ሰጋቱራ ለመጥረግ እያለች ከጎኑ አትጠፋም። ድምፁን ለይታ አወቀችው። ጣውላው ሲገባ ይወፍራል፣ ሲወጣ ይቀጥናል። ሌላ ድምፅ ይመጣል ብላ ስትጠብቅ ትውላለች፤ ምሳዋም አይወርድላትም። ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን ሸሚዙን ልታጥብ ስታነሳ የቀኙ እጅጌ ጫፍ ተቆርጦ አገኘችው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«አይጥ ነዋ።»

«አይጥ በማስመሪያ ነው እንዴ የሚበላው?»



በማግሥቱ ማንያህልሻል ጨው ልገዛ ብላ ወጥታ፣ በጭነት መኪና ተሳፍራ ዋጃ ወረደች። ዋጃ ላይ ይሁኔ የሚባል አናጢ የትምህርት ቤት ዴስክ እንዲሠራ ታዞ ቀብድ እንደተቀበለ ሰምታ ነበር። በእጅ መጋዝ ሲገዘግዝ አገኘችው። የመጣችበትን ነገረችው።

«የጋሽ ጓንጉልን መጋዝ ማን ይጠላል» አለ ይሁኔ። «ዋጋው ግን አይቀመስም ይባላል። ስንት ይላሉ?»

«የሚለውን እኔም አላውቅም። ያለህን እሺ በለው። ቀንስ ካልከው ሰበብ ያገኛል። ከሺህ ብር በላይ የሆነውን እኔ እመልስልሃለሁ፤ የምሸጠው ሁለት ጊደር አለኝ።»

ይሁኔ መጋዙን አስቀመጠ። «እማማ፣ ባልዎን ልናታልል ነው?»

«ጣቱን ላድን ነው፣ ልጄ» አለችው። ስለ ዓይኑም ያን ጊዜ ነገረችው። ለሰው ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ይሁኔ ቆቦ መጣ። ጓንጉል ሞተሩን አስነስቶ አንድ ጣውላ ሰነጠቀለት። ማንያህልሻል መጥረጊያዋን ይዛ ቆማለች። ጣውላው ለሁለት ሲከፈል ይሁኔ ጠየቀ፤

«ስንት ነው፣ ጋሽ ጓንጉል?»

«ሁለት ሺህ።»

«እሺ» አለ ይሁኔ፣ እጁንም ወደ ኪሱ ሰደደ።

ጓንጉል ሞተሩን አጠፋ። ጸጥ ሲል ዶሮዎቹ አፈር ሲጭሩ ይሰማ ነበር።

«ምን አልክ?»

«እሺ ነው ያልኩት። ሁለት ሺህ።»

«አትከራከርም?»

«ዋጋው ከሆነ ዋጋው ነው።»

«አናጢ ነህ?»

«አናጢ ነኝ።»

«እንግዲያው እጅህን አምጣ።» ጓንጉል የሰውየውን እጅ ይዞ ክቡ መጋዝ የተሰካበት ብረት ላይ አሳረፈው። «ነቅንቀው። ይወዛወዛል?»

«ትንሽ።»

«ብረቱ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ አልቋል። ከጥቅምት ወዲህ ጣውላውን ወደ ግራ ይስባል። ሁለት ሺህ ይቅርና ሺህ ብር አያወጣም። ይህን ሳይነካ እሺ የሚል አናጢ የለም። ማን ላከህ?»

ይሁኔ ወደ ማንያህልሻል ተመለከተ።

«እኔ ነኝ» አለች። የጊደሮቹን ነገር እንኳ ሳትደብቅ ሁሉንም ተናገረች። ተናግራ ስትጨርስ ቁጣውን ጠበቀች።

ጓንጉል የጣውላ ክምሩን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ።

«ዓይኔን አውቀሻል ማለት ነው።»

«ከሰሌዳው ጀምሮ።»

«እና ዝም አልሽ?»

«አንተስ?»

ጓንጉል ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጠዋት ሞተሩን የማስነሳው እየፈራሁ ነው። ጥርሱ የት እንዳለ የማውቀው እጄ ላይ በሚነፋው ነፋስ ነው። እጅጌዬን የበላው ቀን ሞተሩን አጥፍቼ፣ እዚችው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ገበያ ነበርሽ።»

«ታዲያ ምነው ለከበደ አልሸጥከው?»

«መጋዙ ከሄደ ጓንጉል ታወረ ይባላላ! ዋጋ ስሰቅል ግን ሰው ይስቃል እንጂ አይጠይቅም።» ከዚያ ወደ ይሁኔ ዞረ። «ስምንት መቶ ስጠኝ። ኩሽኔታውን ከደሴ አስመጥተህ ትቀይራለህ።»

«ኧረ ከበደም ዘጠኝ መቶ ሰጥቶ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ። ዘጠኝ መቶ ልስጥ።»

«ከበደ ሲመጣ ኩሽኔታው ደህና ነበር። ስምንት መቶ።»

«ዘጠኝ መቶ፣ ጋሽ ጓንጉል። ሞተሩን አይቼዋለሁ።»

«ስምንት መቶ ሃምሳ! ከዚያ ካለፍክ አልሸጥም፣ ሂድ!»

ማንያህልሻል ሳቋ አመለጣት። ገዢ ዋጋ ሲጨምር፣ ሻጭ ሲያወርድ አይታ አታውቅም። አንዴ ከጀመረች ማቆም አቃታት። መጥረጊያዋን ጥላ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ይሁኔም ሳቀ፤ በመጨረሻ ጓንጉልም እንባውን በተቆረጠው እጅጌው እየጠረገ ሳቀ። በስምንት መቶ ሃምሳ ተጨባበጡ።

ከሰዓት በኋላ ማሽላ ጭኖ በዋጃ በኩል ወደ አላማጣ የሚያልፍ መኪና ተገኘ። ስድስት ሰው እየተጋገዘ ጠረጴዛውን ሲጭን ጓንጉል አጠገባቸው ቆሞ «በጎኑ አታስተኙት! ጥርሱን በጆንያ ጠቅልሉት!» ይል ነበር። ይሁኔን ጥርሱ እንዴት እንደሚሞረድ ሁለት ጊዜ አስደገመው። መኪናው ሲነሳ ወደ ቤት ገባ፣ መደቡ ላይ ጋደም አለ፣ ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው። ጎረቤታቸው ትርንጎ በሩ ላይ ብቅ ብላ፣

«በጠራራ ፀሐይ ተኛ? ታመመ እንዴ?» አለች።

«አይ፣ ድካም ነው። የቆየ ድካም» አለች ማንያህልሻል፤ ከጠዋት የተረፈውን እንጀራ አቅርባም ጠግባ በላች።

በሳምንቱ ደሴ ሄዱ። ሆስፒታሉ ውስጥ አንዲት ሐኪም በትንሽ መብራት ዓይኑን እያየች፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀችው።

«ሦስት ዓመት» አለ ጓንጉል።

ማንያህልሻል ደነገጠች። እሷ የምታውቀው ሁለቱን ነበር።

«የቀኙ ዘግይቷል» አለች ሐኪሟ። «የግራው ግን የዓይን ሞራ ነው፤ ሲነሳ ያያሉ። ሰኞ ይግቡ።»

«ያያሉ ነው ያለችው?» ብሎ ጓንጉል ሚስቱን ጠየቀ፣ ራሱ የሰማውን።

«ያያሉ ነው ያለችው» አለች ማንያህልሻል፤ አግዳሚው ላይም አጠገቡ ቁጭ አለች።