የዕለቱ ቀለም

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስልክ እደውላለሁ። አንዲት ሴት በተቀረጸ ድምፅ ቀኑን ትናገርና አንድ ቀለም ትጠራለች። የእኔ አረንጓዴ ነው። አረንጓዴ ካለች እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ከተማ ወዳለው የቁጥጥር ቢሮ ሄጄ ለዕፅ ምርመራ ሽንት መስጠት አለብኝ። ካልሰጠሁ በገደብ የተያዘልኝ የሦስት ዓመት እስራት ይፈጸምብኛል።

በእኛ መንገድ ላይ አሥራ አንድ ቤት አለ። ሰው ያልታሰረበት ሁለቱ ብቻ ነው፤ ከሁለቱም አንዱ ባዶ ነው። ስለዚህ ቀለሙን የሚጠብቀው የደወለው ሰው ብቻ አይደለም።

"ዛሬ ምንድን ነው?" አሉ ሚስተር ክሊዮታ ከማዶ በረንዳቸው። የልጅ ልጃቸው ሰማያዊ ነው።

"አረንጓዴ።"

"እሰይ!" አሉና ወዲያው አፋቸውን ያዙ። "ይቅር በለኝ ልጄ፤ ባንተ አይደለም እሰይ ያልኩት።"

ያሳደገችኝ አክስቴ ቨርሊን በመስኮት ብቅ አለች። "ራንዴል! ያንን የውሃ ብርጭቆ አስቀምጥ። የጎረቤታችን የፒችስ ልጅ እስር ቤት በምን ገባ? በውሃ አይደለም?"

እውነቷን ነው። ውሃ ካበዛህ ሽንቱ ይቀጥንና "ሊደብቅ ብሎ ነው" ይሉሃል። ካሳነስክ አይመጣልህም፤ "እምቢ አለ" ብለው ይጽፉብሃል። እኔ ደግሞ ሰው እያየኝ መሽናት አልችልም። ትምህርት ቤትም ሁሉም እስኪወጣ ነበር የምጠብቀው። ባለፈው ወር ብልቃጡን ይዤ ሁለት ሰዓት ቆሜያለሁ።

ዶሮ ፋብሪካ ነው የምሠራው፤ ክንፍ እቆርጣለሁ። ሥራ ትቼ መውጣትም አልችልም፤ ከሥራ መባረርም ገደቡን ያፈርሳል። ቀኑን ሙሉ ዓይኔ ከግድግዳው ሰዓት ላይ አልተነሳም። ሁለት ጊዜ ጣቴን ልቆርጥ ነበር። ምሳ ላይ ውሃ አልነካም ብዬ ማልኩ። ስምንት ሰዓት ሲሆን ሁለት ብርጭቆ ጠጣሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስንወጣ የአክስቴ መኪና ጋራዥ ስለነበረች ጓደኛዬ ታነር በመኪናው ወሰደኝ። ታነር ነጭ ነው፤ እኔ ጥቁር። ለዚህ ገደብ በተዳረግሁበት ዕለት ፖሊስ ሲያስቆመን የነዳው እሱ ነበር፤ ማሪዋናውም ከመቀመጫው ሥር የተገኘው በእሱ መኪና ውስጥ ነው። ሁለታችንም አሥራ ዘጠኝ ዓመታችን ነበር፤ ሁለታችንም ከዚያ በፊት ተከሰን አናውቅም። የእሱ አባት ጠበቃ ቀጠሩለት፤ ሁለት ቅዳሜ ትምህርት ተቀምጦ መዝገቡ ተዘጋ። ለእኔ መንግሥት ያቆመልኝን ጠበቃ ፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ ሰባት ደቂቃ አየሁት። "ጥፋተኛ ነኝ ብለህ ፈርም፣ ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ" አለኝ። ፈረምኩ።

"ዛሬም ወጣልህ?" አለ ታነር። "እንዳንተ ያለ ዕድል ቢኖረኝ ሎተሪ ነበር የምቆርጠው።"

"እባክህ ትንሽ ፍጠን።"

"ፈጥኜ ፖሊስ ቢያስቆመን ማን ሊጎዳ ነው?" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመና እጁን ከማርሹ ወደ መሪው መለሰ።

"አንተን ስንት ጊዜ መረመሩህ?" አልኩት። ከዚያ በፊት ጠይቄው አላውቅም።

"እኔን?" መንገዱን አየ። "አንድም ጊዜ።"

ብዙ ከሄድን በኋላ ከበሩ ኪስ የውሃ ጠርሙስ አወጣ። "ጠጣ እስቲ፣ ከንፈርህ ደርቋል።"

"አይ፣ ይቅርብኝ" አልኩ። ከዚያ ተቀበልኩትና እስከ መጨረሻው ጨለጥኩት።

ቢሮው ስደርስ ሚስተር ዳብኒ ነበሩ ተረኛው። ጥቁር ናቸው፤ እሑድ እሑድ ከአክስቴ ጋር በአንድ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ቡድን ይዘምራሉ። እዚያ ግን በስሜ አይጠሩኝም፤ ቁጥሬን ነው የሚጠሩት። ውሃው ስለተጫነኝ እያዩኝም ቶሎ ወጣልኝ። ብልቃጡን ወደ ብርሃኑ አነሱት።

"ይሄማ ውሃ ነው፣ ልጄ።"

"አልደበቅሁም፤ ፈርቼ ነው የጠጣሁት።"

"የፈራው ሁሉ ነው የሚጠጣው። መዝገቡ ፍርሃት የሚጻፍበት ቦታ የለውም።" ሰዓታቸውን አዩ። "ዳግመኛ እንድትሰጥ ደንቡ ይፈቅዳል፤ እስከ አሥራ አንድ። ከእንግዲህ አንዲት ጠብታ እንዳትቀምስ።"

ተቀመጥኩ። ተነሳሁ። ኮሪደሩን ተመላለስኩበት፤ ከጫፍ ጫፍ ሃያ ሁለት እርምጃ ነው። አንዲት እናት ልጇን አቅፋ "ወንድሜ፣ አዞርከኝ፤ ተቀመጥ" አለችኝ። ተቀመጥኩና እግሬ ብቻውን መዝለል ጀመረ። አሥር ሰዓት ተኩል ሆነ። ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሆነ። አሥር ደቂቃ ሲቀር ሚስተር ዳብኒ ጠሩኝ።

ብልቃጡን ይዤ ቆምኩ። ምንም የለም። ከኋላዬ ሲተነፍሱ እሰማለሁ።

"ፊትዎን ማዞር አይችሉም?" አልኩ፤ ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

"ካሜራ አለ። ካዞርኩ እኔም ከሥራዬ እባረራለሁ።"

አምስት ደቂቃ ቀረ። ያኔ ሚስተር ዳብኒ ወደ መታጠቢያው ጠጋ አሉና ቧንቧውን ከፈቱ። ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር፤ እጃቸው ግን ውሃው ሥር ገባ። ሳሙና ወሰዱ። አንድ በአንድ ጣታቸውን አሹ፣ አለቀለቁ፣ እንደገና ሳሙና ወሰዱ። "እጅ መታጠብን የሚከለክል ደንብ የለም" አሉ ቀስ ብለው። ውሃው ይፈስሳል፤ እሳቸውም ይታጠባሉ። ትንፋሻቸው በውሃው ድምፅ ሲዋጥ ሰውነቴ ተፈታ።

ንጹሕ ነበር። የመጀመሪያውን ግን ጻፉት። "ውሃውን መጻፌ ግዴታ ነው" አሉ፤ አላዩኝም። "ሁለተኛ ከተደገመ ዳኛው ፊት ነህ።"

በማግሥቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደወልኩ። አክስቴ ከኋላዬ ቆማ ነበር።

"አረንጓዴ" አለች ሴትዮዋ።

"ትናንት አይደል እንዴ የሄደው!" ብላ አክስቴ ስልኩን ተቆጣችው። ከዚያ ብርጭቆ አነሳች፤ ውሃ ቀድታ እስከ ግማሽ መልሳ ደፋችው።

"ስምንት ሰዓት ላይ አንድ፣ ዘጠኝ ላይ አንድ!" ብለው ጮኹ ሚስተር ክሊዮታ ከማዶ። "እኔ ራሴ አራት ዓመት ስመረመር በዚህ ነው ያለፍኩት! ከታነርም ምንም እንዳትቀበል!"

ግማሿን ብርጭቆ ይዤ በረንዳው ላይ ቆምኩ፤ ልጠጣት ወይስ ልተዋት ገና አልወሰንኩም። የፋብሪካው አውቶቡስ ጥሩምባውን ነፋ።