የእትዬ አፍንጫ ልክ

እናቴን ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ አፍንጫ» ነው የሚላት። አፍንጫዋ ትልቅ ሆኖ አይደለም፤ እንዲያውም ትንሽዬ፣ ቆንጆ አፍንጫ ነው ያላት። ስሙ የወጣላት ድሮ ትሠራበት በነበረው ሆቴል ነው። የልብስ ማጠቢያው ክፍል ኃላፊ ነበረች። የታጠበ አንሶላ ሁሉ ወደ እንግዳ ክፍል ከመውጣቱ በፊት በእሷ አፍንጫ ሥር ያልፋል። ታነሳለች፣ ታሸታለች፣ ከዚያ ወይ «ይሂድ» ትላለች ወይ መልሳ ሳፋው ውስጥ ትወረውረዋለች። ለእሷ በረኪና በረኪና የማይሸት ልብስ ገና ያልታጠበ ልብስ ነው።

ጡረታ ስትወጣ ሆቴሉን እዚያው ተወችው፤ ሕጉን ግን ተሸክማው መጣች። የኛ ቤት በር ጋ ስትደርሱ ዓይናችሁ ማልቀስ ይጀምራል። ወለሉ በረኪና፣ መጋረጃው ሽቶ፣ አልጋው ሥር የበረሮ መርጫ፣ የልብስ ሳጥኑ ውስጥ ደግሞ እነዚያ ነጫጭ የብል መድኃኒት እንክብሎች። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የስፌት መኪናዬ የፊት ክፍሉ መስኮት ሥር ነው ያለችው። ደንበኞቼ ሊለኩ ይገቡና አፍንጫቸውን ይዘው ይወጣሉ። «እማዬ፣ ደንበኛ ጨረስሽብኝ እኮ!» ስላት፣ «ንጽሕና የሚሸሽ ደንበኛ ምን ያደርግልሻል?» ትለኛለች። እስቲ ምን ትሏታላችሁ?

ሚጢጢ እስክትወለድ ድረስ ይሄ ሁሉ ቀልድ ነበር።

ሚጢጢ የወንድሜ ልጅ ናት። ወንድሜ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ሚስቱ ጫማ ቤት ትሸጣለች። ቤታቸው ከኛ መንገድ ማዶ ነው። ምራታችን የወሊድ ፈቃዷ ሲያልቅ፣ ቀን ቀን ልጅቷን እናቴ እንድትይዝላት ተስማሙ። እናቴ ደስታውን አልቻለችውም። በጡረታ የተኛው ጉልበቷ ሁሉ ተነሳ። ከሳጥኑ ሥር ወንድሜ በሕፃንነቱ የለበሳትን ሰማያዊ ሹራብ አወጣች፣ ፓውደር ገዛች፣ የልብስ ማለስለሻ ገዛች፣ ቤቱን ከላይ እስከ ታች በበረኪና አጠበችው። ልጅ የምትቀበል ሳይሆን ሚኒስትር የምትቀበል ነበር የምትመስለው።

ልጅቷ መሳል ጀመረች። አንገቷ ሥር ቀይ ሽፍታ ወጣባት፤ ስትተነፍስ ደረቷ ሲር ሲር ይላል። እናቴ «ጉንፋን ነው» አለች። ምራታችን ግን ልብ ያላት ሴት ናት፤ እሷ ዕረፍት ወጥታ ልጅቷ ቤቷ ስትውል ደረቷ ዝም እንደሚል፣ እኛ ጋ ስትውል እንደሚያፏጭ አየች። ክፉ ሳትናገር አቅፋ ሐኪም ጋ ወሰደቻት። እኔም ተከትዬ ሄድኩ።

ሐኪሟ የልጅቷን ደረት አዳመጠች። ከዚያ ጎንበስ አለችና የለበሰችውን ሹራብ አሸተተች።

«ይሄ ልብስ የት ነው የተቀመጠው?» አለች።

እኔ ተናገርኩ። ሳጥኑን፣ እንክብሎቹን፣ በረኪናውን፣ መርጫውን፣ ሽቶውን። ስናገር ራሴን እየሰማሁ አፈርኩ፤ ቤት ሳይሆን የኬሚካል መጋዘን ነበር የምዘረዝረው።

«በሉ ስሙኝ፣» አለች ሐኪሟ። «የብል መድኃኒት ሕፃን የሚለብሰው ልብስ ውስጥ ጭራሽ መግባት የለበትም፤ የአንዳንድ ሕፃናትን ደም ሳይቀር ይጎዳል። በረኪናውም ቢሆን የእናንተን ዓይን ካቃጠለ የእሷን ደረት ምን ያደርገዋል? ፓውደሩም ቦኖ ሳንባዋ ይገባል፤ እሱም ይቅር። ሽቶ የሌለው ሳሙና፣ ብዙ ውሃ፣ ፀሐይ፣ የተከፈተ መስኮት። ሕፃን ንጹህ ለመሆን መሽተት የለባትም።»

ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ለእናቴ እንዴት አድርጌ እንደምነግራት ጨነቀኝ።

ነገርናት። ትከራከራለች ብዬ ስጠብቅ ሁሉንም ዝም ብላ ሰማች። «ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ትቻለሁ፣» አለች። እንክብሎቹን ከሳጥኑ ለቅማ ስትጥል በዓይኔ አይቻለሁ። መርጫውንም፣ ፓውደሩንም ጣለች። «ወለሉን ብቻ በጠብታ በረኪና፣ ጠዋት ልጅቷ ሳትመጣ እወለውላለሁ» አለች። ምራታችን አመነቻት፤ ልጅቷን መለሰችላት።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ቀን ምራታችን ከሥራ ስትመለስ ልጅቷን ልትወስድ በሩን ከፈተች፣ እዚያው ቆመች። እኔ ደንበኛ ቤት ውዬ ከኋላዋ እየደረስኩ ነበር። የበረኪናው ትነት ገና ከደጃፉ ተቀበለን። ውስጥ ሚጢጢ እናቴ እቅፍ ውስጥ ናት፣ ደረቷ እያፏጨ።

«እማማ፣» አለች ምራታችን። «ትቻለሁ ብለውኝ ነበር።»

«ጠብታ ነው እኮ ያደረግሁት ልጄ! ምንም አይሸትም!»

«አይሸትም? ዓይን እያጠፋ?»

«ልጆቼ ይሙቱ አይሸትም!»

ከሚሞቱት ልጆች አንዷ እኔ ነኝና ደሜ ፈላ። አፌን ስከፍት ግን ምራታችን ቀደመችኝ። ልጅቷን ከእናቴ እጅ ወሰደች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ሥራዬን እለቃለሁ እንጂ ልጄ ሁለተኛ እዚህ ቤት አትውልም» አለች። ወጣች።

እናቴ ወለሉ መሀል የልጅቷን ካልሲ ይዛ ቀረች። እኔም ሳልራራላት ወረድኩባት። «ለአንድ ወለል ብለሽ ልጅቷን ልትገድያት ነው? እየማልሽ ትዋሻለሽ? ዓይናችን እያነባ አይሸትም ትያለሽ?» ሌላ ጊዜ ቢሆን በአንድ ቃል ኩም ታደርገኝ ነበር። ያን ዕለት አልመለሰችልኝም። ካልሲዋን አጣጥፋ ኪሷ ከተተች።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ሐዘን የተቀመጡበት ቤት ሆነ። ምራታችን ለአለቃዋ ሥራ እንደምትለቅ ተናግራለች ተባለ። ወንድሜ በእናቱና በሚስቱ መካከል ተሰንጥቆ፣ እኛ ደጃፍ ሲያልፍ አውቶቡሱን እንኳን ክላክስ አያደርግም። እናቴ ምግብ አስጠላት። ቁጭ ብላ የልጅቷን ንጹህ ጨርቆች ታጣጥፋለች፣ ትፈታለች፣ ደግማ ታጣጥፋለች። አንጀቴን በላችው፤ ግን ቆሽቴም እንዳረረ ነበር፤ ስለዋሸችኝ።

አንድ ከሰዓት የሸሚዝ ኮሌታ እየተኮስኩ ደንበኛ ከውጭ ጠራችኝ። ካውያውን ጨርቁ ላይ እንዳጋደምኩ ረስቼው ወጣሁ። ወሬ ያዘን። በመሀል የሚቃጠል ጨርቅ ሸተተኝ። «የማን ቤት ነው የሚቃጠለው?» አልኳት ደንበኛዬን፤ ሁለታችንም ግራ ቀኝ አየን። ከዚያ ካውያው ትዝ አለኝ። የኔ ነው!

ሮጬ ገባሁ። ክፍሉ በጭስ ጠቁሯል። ጠረጴዛው ጋ፣ ከካውያው አንድ ክንድ ርቀት ላይ፣ እናቴ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣ ጨርቅ ታጣጥፋለች። በሰላም። ልክ እንደ ማንኛውም ቀን።

«እማዬ!»

ደንግጣ ዞረች። ጭሱን አየችው። «ኧረ ጉዴ!» ብላ ዘላ ተነሳች። ካውያውን ነቅዬ፣ ሸሚዙን ውሃ ውስጥ ነክሬ፣ መስኮቱን በረገድኩት። ተመልሼ ፊቷ ቆምኩ።

«አልሸተተሽም?»

እጇ ላይ በቀረው ጨርቅ ጭሱን ማራገብ ጀመረች።

«እማዬ፣ ደንበኛዬ ከመንገድ ሸትቷታል። አንቺ አጠገቡ ነበርሽ!»

ወንበሩ ላይ ኩርምት ብላ ተቀመጠች። እጆቿን አየቻቸው። «አይሸተኝም፣» አለች። «ምንም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሆቴል እያለሁ ነው የጠፋው። መጀመሪያ ጉንፋን መስሎኝ ነበር። ይመለሳል፣ ይመለሳል ስል ቀረ።»

«ታዲያ አንሶላውን እንዴት ነበር...»

«አብረውኝ የሚያጥቡትን ልጆች ፊት ነበር የማየው። እኔ አንሶላ ሳነሳ እነሱ አጠገቤ ናቸው። ፊታቸው ጨምደድ ካለ በረኪናው በደንብ ገብቷል ማለት ነው፣ ይሂድ እላለሁ። ካልተጨማደዱ እመልሰዋለሁ።» ትንሽ ፈገግ አለች። «ማንም አላወቀብኝም።»

«እዚህ ቤትስ? እዚህ የማን ፊት አለ?»

«እዚህማ ዓይኔ አለ። ዓይኔን እስኪያቃጥለኝ አፈሳለሁ። ሲያቃጥለኝ ደርሷል፣ በቃ እላለሁ። ያን ቀን አላቃጠለኝም ነበር። ለዚህ ነው የማልኩት። አልዋሸሁሽም ልጄ።»

ከተቃጠለው ሸሚዝ አጠገብ ቁጭ አልኩ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ እትዬ አፍንጫ አፍንጫ የላትም! ስቄ ሳልጨርስ አለቀስኩ። ያ ሁሉ ዘመን በዚያ እንፋሎት መሀል ቆማ የሰው አንሶላ ስታሸት፣ ዓይኗም ለምዶት ከኛ ዓይን እኩል መቃጠሉን ትቷል። ለልጅ ልጇ የምትሰፍረው በዚያ ልክ ነው። እኔ ደግሞ ውሸታም አልኳት።

«ለምራታችን ልንገራት» ብዬ ተነሳሁ።

እጄን ያዘችኝ። «አይሆንም።»

«ምን ማለት ነው አይሆንም? ሥራዋን ልትለቅ ነው እኮ!»

«ስሜ እኮ አፍንጫ ነው፣» አለች። «ሰው ቢስቅ ግድ የለኝም። እሷ ግን... የሚቃጠል ነገር የማይሸታት ሴት ልጅ ትጠብቃለች ብላ ታምነኛለች?»

እውነቷን ነው። ለረጅም ጊዜ ቁጭ ብለን ጭሱ ሲወጣ አየን። ከዚያ እናቴ ፊቷን ታጠበች፣ ሻርፗን ለበሰች። «እኔው እነግራታለሁ፣» አለች። «ከኔ አፍ ትስማ።»

መንገዱን ተሻገርን። ምራታችን ሚጢጢን ታቅፋ በሩን ከፈተች፤ ግቡ ግን አላለችም። እናቴ ደጃፉ ላይ እንደቆመች ሁሉንም ተናገረች፤ አንሶላውን፣ የልጆቹን ፊት፣ ዓይኗን፣ የዛሬውን ካውያ ሳይቀር። ካውያውን ባትናገር ብዬ ተመኝቼ ነበር፤ አላስቀረችም። ስትጨርስ፣ «በቃ፣ ይሄው ነው። ፍርዱ ያንቺ ነው» አለች።

ምራታችን ሚጢጢን ወደ ሌላኛው ትከሻዋ አዞረች። ፊቷ ላይ ምንም አላነበብኩም።

«እማማ፣» አለች በመጨረሻ፣ «ይሄን ሁሉ ዘመን ብቻዎን ይዘውት ነበር?»

እናቴ ይህን ጥያቄ አልጠበቀችም። ሻርፗን ወደ ፊቷ ሳበች።

«ይግቡ እስቲ፣ ደጅ አይቁሙ። ልጅቷን አሁን አልሰጥዎትም፤ እውነቱን ልንገርዎት፣ እፈራለሁ። ነገ ግን ዕረፍት ነኝ። ቤቱን አብረን እናራግፈው። አፍንጫውን እኔ ይዤ እመጣለሁ።»

መጣችም። ወንድሜም መጣ፤ ደጃፋችን ላይ ክላክስ አድርጎ። ምራታችን ክፍል ለክፍል እየዞረች ታሸታለች፤ እናቴ ከኋላዋ እንደ አዲስ ተቀጣሪ ትከተላለች። «ይሄስ?» «ይሂድ።» «ይሄኛውስ?» «ይሄም ወደ ውጭ ይሂድ።» እናቴ የራሷን ቃል ከሌላ ሰው አፍ ስትሰማ ቅር ይላታል ብዬ ነበር፤ ሳቀች። ወንድሜ ጠምቶት ከመደርደሪያ ላይ የውሃ ፕላስቲክ አነሳ፤ ክዳኑን ሲከፍተው በረኪና። «እናንተ ሰዎች ሾፌር ልትገድሉ ነው!» ብሎ ጮኸ። ሳቅ አልመጣልኝም፤ ሚጢጢ ነገ ትድሃለች፣ ከነገ ወዲያ ትቆማለች። የቀረችው ትንሽ በረኪና በራሷ ጠርሙስ፣ ቁልፍ ባለው ቁም ሳጥን አናት ላይ ወጣች፤ ከሌላ ማጽጃ ጋር እንዳትቀላቀል ተብሎ ለብቻዋ።

ልብሶቹን ደጋግመን አጠብን። እናቴ አዲስ ልክ አወጣች፦ የመጨረሻው ውሃ የሳፋውን ሥር በደንብ እስኪያሳይ ማለቅለቅ። ለዚህ አፍንጫ አያስፈልግም። ሰማያዊዋ ሹራብ ግን እምቢ አለች። ስንት ጊዜ ታጥባ፣ ስንት ጊዜ ፀሐይ ላይ ተሰቅላ፣ ምራታችን ባሸተተቻት ቁጥር ራሷን ትነቀንቃለች። እናቴ ሹራቧን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ጥቂት አየቻት። «ትቅር፣» አለች። እኔ ለስላሳ ጥጥ አምጥቼ አዲስ ቀሚስ ሰፋሁ።

ምራታችን ሥራዋን አልለቀቀችም። መጀመሪያ እኔ ቤት ስውል ብቻ ልጅቷን ታመጣት ነበር፤ ካውያና ምድጃ የኔ ኃላፊነት ሆኑ። የሚጢጢ አንገት ጠራ። ደረቷ ማፏጨት ተወ፤ አሁን የሚፏጨው ሊያጫውታት የሚሞክረው ወንድሜ ብቻ ነው። ሐኪሟ የእናቴንም አፍንጫ አየችላት፤ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል አለች። እናቴ «ኤዲያ፣ ይቅር፤ ልጅቷ ዳነች አይደል» ብላ ተነሳች።

ትናንት ምራታችን ከሥራ ስትመለስ እናቴ ሚጢጢን አጥባ፣ አዲሱን ቀሚስ አልብሳ መስኮቱ ሥር ይዛት ነበር። እኔ አጠገባቸው እሰፋለሁ። እናቴ ጎንበስ ብላ አፍንጫዋን የልጅቷ አናት ላይ አሳረፈች፣ በረጅሙ ሳበች። የድሮ ልማዷ ነው። ምንም እንዳልመጣላት ከፊቷ አየሁ፤ ክር መበጠስ ረስቼ ቀረሁ።

ቀና አለችና ልጅቷን ወደ ምራታችን ዘረጋቻት። «ንገሪኝ እስቲ፣» አለች። «ምን ምን ትላለች?»

ምራታችን አቅፋት አናቷን አሸተተች። ዓይኗን ጨፍና ደገመች።

«ትንሽ ወተት ወተት ትላለች።»

«እሺ። ሌላስ?»

«ሌላ ምንም።»

«ምንም?»

«ምንም፣ እማማ።»

እናቴ እጇን ዘርግታ ልጅቷን መልሳ ተቀበለቻት።

«እሰይ፣» አለች።